የጓሳው ሕግ ቆርቆሮ ላይ ሲወጣ

የጉናን ተራራ ተንተርሳችሁ የምትኖሩ፣ የጓሳ ሣር የለበሳችሁም ቆርቆሮ የደፋችሁም የጋይንት ቤቶች ሆይ! ክፈፋችሁን ቀና አድርጋችሁ አድምጡ። ሥዩመ ጓሳ፣ ዘእምነገደ ክዳን ሠሪ፣ ቁመቱ ከበሬ ሻኛ እምብዛም የማይዘል፣ የሁለት ጥማድ ድንጋያማ መሬት ጌታና የአንዲት አህያ አዛዥ፣ ክቡር በላይነህ ከጣራ ወርዷል። ወርዷል ማለት ግን በገዛ እግሩ ወርዷል ማለት አይደለም። እንዴት እንደወረደም እነሆ።

በላይነህ የክዳን ሠሪ ልጅ ነው። አባቱ ሙያውን ያስተማሩት በቃል አልነበረም። እጃቸው ላይ ሁልጊዜ መምቻ አለ፤ ጓሳው ከተደረደረ በኋላ ጫፉን እየመቱ የሚያስተካክሉበት ጠፍጣፋ እንጨት ነው። ልጁ ማሰሪያውን ልጥ ላላ ካደረገው በመምቻው ጆሮ ግንዱን ያጮሉታል። ጠበቅ ካደረገው ደግሞ «ልትበጥሰው ነው!» ብለው ይደግሙታል። በዚህ የሥልጠና መርሐ ግብር በላይነህ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ግራ ጆሮው የማይሰማ፣ ቀኝ እጁ ግን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አቻ የሌለው ባለሙያ ሆኖ ተመረቀ። አባትየው አንድ ቀን እስቴ ውስጥ ጣራ ሲከድኑ አዳልጧቸው አጥር ላይ ወደቁ። የአጥሩ ሹል እንጨት በብብታቸው ገብቶ በትከሻቸው ወጣ። ከመሞታቸው በፊት የተናገሩት የመጨረሻ ቃል «በምሥራቅ በኩል ሣሩ ሳስቷል» የሚል ነበር። ልጁ እንባውን ጠርጎ ወጣና በምሥራቅ በኩል ጨመረበት።

መሬት ላይ በላይነህን ከሰው የሚቆጥረው የለም። ዕድር ላይ እጁን ሲያወጣ ሰብሳቢው ከኋላው ላለው ሰው ዕድል ይሰጣል። ገበያ መሐል በቅሎ ረግጣው፣ ባለቤቷ ጎንበስ ብሎ በቅሎዋን «አይዞሽ» ብሏታል። ሦስት ጊዜ ጠጅ ቤት ተደብድቧል፤ ከሦስቱ ሁለቱን ጊዜ የመቱት ሰዎች ሌላ ሰው መስሏቸው ነበር።

ጣራ ላይ ሲወጣ ግን ዓለም ይገለበጣል። የአገሩ ሕግ እንዲህ ነው፦ ክዳን ሠሪው የመጨረሻዋን ነዶ ቁንጮው ላይ ካሰረ በኋላ ቀጥ ብሎ ይቆምና ደቦ የወጣውን ሰው በየስሙ እየጠራ ይሳደባል። ባለቤቱን፣ ቄሱን፣ ሚሊሻውን፣ ያሻውን። መልስ የሚሰጥ የለም። የተሰደበው ሰው የያዘውን ጠላ ከፍ አድርጎ «በክፈፉ ይውረድ!» ይላል፤ ስድቡ እንደ ዝናብ ውሃ ቤቱን ሳይነካ ፈስሶ ይሂድ ማለት ነው። ሰዉ ይስቃል፣ ይጠጣል። ዳሩ ግን ነውሩ ከጣራ የተነገረበት ሰው እስከ ሳምንቱ እሑድ ድረስ ያበላሸውን ካላስተካከለ፣ ከዚያ ወዲያ እሳት የሚጭርለት፣ ከብት የሚመልስለት፣ ሬሳ የሚያወጣለት አያገኝም። ተሳዳቢውም ቢሆን ሕጉ የሚጠብቀው ላይ እስካለ ብቻ ነው። መሬት ከረገጠ በኋላ አንዲት ቃል ቢጨምር በጥርሱ ይከፍላታል።

ዳኛ ያጣ አገር ዳኝነቱን ለሣር ሰጠ ማለት ነው።

በላይነህም ሥልጣኑን አላባከነም። አንድ ጊዜ ስማዳ ውስጥ ቁንጮ ላይ ቆሞ «አንተ! ወንድምህ ለቅሶ በሄደበት የድንበር ድንጋይ ያንፏቀቅኸው አንተ አይደለህም? ድንጋዩ እንኳ አፍሮ ፊቱን አዙሯል!» አለ። ወንድማማቾቹ እዚያው በዱላ ተያያዙ። አንዱ ዓይኑን፣ ሌላው ሦስት ጥርሱን ትቶ ወደ ቤቱ ሄደ። በላይነህን የነካው አልነበረም። ቁንጮውን አቅፎ ቁልቁል ሲያያቸው ቆይቶ «ኧረ በገመድ ለኩት እንጂ በዱላ አይለካም!» ብሎ ጨመረላቸው። ከፍታ ደፋር ያደረገው ሰው እንዲህ ነው፤ ሌላው ሲደማ እሱ ይቀልዳል።

ደሙ ወደ ገዛ ቤቱ የመጣው ልጁ ጌጤ ስታገባ ነው።

ባሏ ሙሉዓለም ይባላል። ገብስና ባሕር ዛፍ ሸጦ ያበጠ፣ ትከሻው በበር በጎን የሚገባ ሰው ነው። በላይነህ ለልጁ የሚሰጣት በሬ ስላልነበረው ጣራ ሰጣት። ጉና ድረስ ወጥቶ፣ ሁለት ሳምንት ብርድ ላይ አድሮ፣ ጓሳውን ራሱ አጭዶ፣ በአህያው አመላልሶ፣ ክንድ ሙሉ አወፍሮ ከደነላት። ልጡን ሁሉ በገዛ እጁ ገመደ። ሲጨርስ ቁንጮው ላይ ቆሞ «ይህ ክዳን ሃያ አምስት ዓመት አንዲት ጠብታ አያሳልፍም!» ብሎ ፎከረ።

ሙሉዓለም በሠርጉ ዓመት የጌጤን ሁለት ጥርሶች አወለቀ፤ ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ክንዷን ሰበረ፤ ወጡ ጨው አንሶት ነበር። ወጌሻው ሲጠግናት «ላሟ ጥላኝ ነው» አለች። በሦስተኛው ዓመት፣ አባቷ በገመደው ልጥ ከምሰሶው ጋር አስሮ በጅራፍ ሲገርፋት የስድስት ወር ፅንስ ወረዳት። ያን ዓመት ስለ ጨው የተነገረ ነገር የለም።

ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ፤ ሦስት ጊዜ በግ ታረደ። የመጀመሪያው ጉባኤ «ትዳር ነውና ቻይው» የሚል የአቋም መግለጫ አወጣ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ሦስተኛው ጉበቱ አልበሰለም ብሎ ቅሬታውን አሰማ። ጌጤ አንድ ቢሮ ድረስ ሄዳም ነበር። «ምስክር አምጪ» አሏት። ምስክሮቿ ሁሉ በጉን የበሉት ነበሩ።

በላይነህ በሦስቱም ጉባኤ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። በሦስቱም አፉን አልከፈተም። ሚስቱ የኔነሽ ይህን አልማረችውም።

«የሰው ጣራ ላይ አንበሳ፣ ልጅህ ደጅ ላይ አይጥ!» አለችው።

«ቆይ።»

«ምኑን ነው የምቆይ? እስኪገድላት?»

«እሱ እንደሆነ ገንዘብ ልኮ ይቀራል እንጂ የሰው ደቦ አይወጣም። ጣራው ያፍስ። ያፈሰሰ ዕለት ክዳኑ ይቀየራል። ክዳኑ ሲቀየር የምወጣው እኔ ነኝ። ያን ቀን አገር በተሰበሰበበት እነግርበታለሁ። ልጄን ሳይወድ በግዱ ከነድርሻዋ ይሰዳታል።»

«እኮ መቼ ነው የሚያፈስ?»

በላይነህ መሬት መሬት አየ። «ጥሩ ጓሳ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እግዚአብሔር እጅህን ይቁረጠው!» አለችና የልጇ ደም የፈሰሰበት ደጅ ላይ ላትቆም ማለች። መሐላዋንም ጠበቀች፤ ከወንዙ ማዶ ካለው ቤቷ ሆና ለጌጤ መደብ አንጥፋ ትጠብቃለች።

ሰው ሁሉ ጣራዬ እንዳያፈስብኝ ብሎ ሲሳል፣ በላይነህ የአማቹ ጣራ እንዲያፈስ ብሎ ለሚካኤል ጧፍ ተሳለ። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናብ ሲያባራ እየሮጠ ሄዶ ክዳኑን ከሩቅ ይመረምራል። አንድ ዓመት እንቁላል የሚያህል በረዶ ወረደ። የሱን ገብስ ደብድቦ ከአፈር ቀላቀለው። የሙሉዓለም ጣራ ላይ ሲደርስ ነጥሮ ወደቀ። እንዲያ ነው የጥሩ ባለሙያ ዕጣ፤ የልጁን ገራፊ ከብርድ የሚጠብቅለት የገዛ እጁ ሥራ ሆነ። አራት ክረምት አለፈ። ጌጤ አራቱንም ክረምት አንድ ጠብታ ሳይነካት ከሥሩ ተደበደበች።

በሠርጉ በሰባተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ሙሉዓለም ቆርቆሮ አስጭኖ አመጣ። ቤቱ አፍስሶ አይደለም፤ ጎረቤቱ ስላመጣ ነው። በእኛ አገር የልማት ሞተሩ ቅናት ነው። ከመካነ ኢየሱስም ኪዳን የሚባል ወጣት አናጢ ተቀጠረ። በላይነህ ወሬውን ሲሰማ ዱላውን ሳይዝ እየሮጠ ሄደ።

«ቤቱን የከደንኩት እኔ ነኝ፤ የማፈርሰውም እኔ ነኝ» አለ።

ሙሉዓለም ሳቀ። «ይውጡ እንጂ አያ በላይነህ። የነፃ ጉልበት ማን ይጠላል?»

ማክሰኞ ጠዋት ሃምሳ ሰው ደቦ ወጣ። በላይነህ ጓሳው ላይ ወጥቶ ማፍረስ ጀመረ። ሁሉም ሰው ታች ነበር፤ ሙሉዓለምም ጠላ ይዞ ቆሟል። ነገሩ እስከ በላይነህ ምላስ ጫፍ ድረስ መጣ። እግሩ ሣር ረግጧል፣ ሕጉም ከሥሩ ነበር። ነገር ግን ስድብ የሚወርደው ቁንጮ ከታሰረ በኋላ እንጂ ክዳን ሲፈርስ አይደለም። አባቱ እንዲያ ነው ያደረጉት፣ አያቱም እንዲያ። ሥርዓት አክባሪው ሰውዬ አፉን ገጠመና፣ ነዶውን አንድ በአንድ እየነቀለ፣ የቆመበትን ሕግ በገዛ እጁ ወደ መሬት ሲወረውር አረፈደ። ከቀትር በፊት ጓሳው ግቢው ውስጥ ክምር ሆነ፤ ወራጁ እንደ ከሳ ከብት አጥንት ራቁቱን ቀረ።

ከምሳ በኋላ የኪዳን መዶሻ ሥራውን ጀመረ። በላይነህ ቆርቆሮ እያቀበለ አብሮት ወጣ።

«አባት፣ ጫማ የለዎትም እንዴ? ይሄ እኮ ያዳልጣል» አለው ኪዳን።

«አርባ ዓመት ጣራ ላይ ቆሜያለሁ።»

«ሣር ላይ ነዋ!»

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የመጨረሻው ሚስማር ተመታ። በላይነህ ቁንጮው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቆርቆሮው ውስጥ እግሩን ያቃጥለው ነበር። ታች ያለው ሰው ነገሩ ገብቶት ጠላውን እየያዘ ተሰበሰበ። በላይነህ እንደ ወጉ ከቀላሉ ጀመረ።

«መርጌታ ቀለመ ወርቅ! በዐቢይ ጾም ከጓሮዎ የበግ አጥንት የለቀመው ውሻ ንስሐ ገብቷል፤ እርስዎስ መቼ ነው?»

ሳቁ አገር አናወጠ። በጋይንቷ ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከሩት ሊቅ ፊታቸው ቢቀላም ዋንጫቸውን አነሡ። «በክፈፉ ይውረድ!»

«አንተ ሚሊሻ አዳነ! ጥይትህን ሠርግ ላይ ተኩሰህ ጨርሰህ፣ ጅብ ሲመጣ በፉጨት ነው የምትጠብቀን?»

«በክፈፉ ይውረድ!» አለ አዳነ ጠመንጃውን እያስተካከለ።

ሕጉ ሠራ። የበላይነህ ደረት አበጠ። ሰባት ዓመት ሙሉ የታመቀ ትንፋሹን ሳበ።

«ሙሉዓለም!»

ሳቁ ቆመ።

«ሙሉዓለም! ልጄን ስሰጥህ አፏ ሙሉ ነበር። ሁለቱን ጥርሷን የት አደረግህ? ክንዷን የሰበራት ላም አይደለችም፤ ላም ሰው ስትወጋ ታፍራለች! እኔ በገመድኩት ልጥ ከምሰሶው አስረህ የገረፍካት፣ የልጅ ልጄን በጅራፍ ከሆዷ ያወረድከው አንተ ነህ! እናንተም ታውቃላችሁ። የበላችሁት በግ ያውቃል! ድርሻዋን ስጥና ወደ እናቷ ስደዳት!»

ሃምሳ ጥንድ ዓይን ወደ ሙሉዓለም ዞረ። የጠላ ዋንጫው እስከ ደረቱ ከፍ ብሎ ነበር። እዚያ ላይ አንድ ክንድ ቢጨምርበት ጌጤ ነፃ ትወጣ ነበር። ዋንጫውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠው።

«ያ ምንድን ነው?» አለ ጣራውን በጣቱ እያሳየ። «ጓሳ ነው?»

ሰዉ አንገቱን ቀና አድርጎ ጣራውን አየ።

«ሕጉ የጓሳ ነው። ይሄ ሠላሳ ሁለት ጌጅ ቆርቆሮ ነው፣ ከንፋስ መውጫ የመጣ! ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ ተሰድቦ ዝም የሚባል ከየት የመጣ ሕግ ነው? መርጌታ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይፍረዱ።»

መርጌታ ጢማቸውን ዳሰሱ። የበጉ አጥንት ገና ከጉሮሯቸው አልወረደም። «አበው ስለ ሣር እንጂ ስለ ቆርቆሮ የተናገሩት አላገኘሁም» አሉ።

«ታዲያ ቅድም እርስዎ ለምን ‹በክፈፉ ይውረድ› አሉ?» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

«ልማድ አድርጎኝ ነው።»

ባሏ ነጠላዋን ጎትቶ አስቀመጣት። ፍርዱም በዚሁ ተዘጋ። አንድ ሕዝብ ሺህ ዓመት የኖረበትን ሥርዓት በሩብ ሰዓት፣ ለዚያውም ጠላው ሳይሞቅ፣ እንዴት እንደሚሽር ማጥናት የሚፈልግ ካለ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

የመጀመሪያው ድንጋይ ቆርቆሮውን ሲመታው መንደሩ እንደ ደወል ጮኸ። ሁለተኛው የበላይነህን ግንባር አገኘው። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ጓሳ ቢሆን ጣቶቹን ሰክቶ በቆመ፣ ልጥ ጨብጦ በተንጠለጠለ ነበር። አርባ ዓመት ያደረገውን አደረገ፤ የእግሩን ጣቶች ወደ ታች ጫነ። ከታች የጠበቀው ብረት ነው። በጀርባው እየተንሸራተተ ወረደ። የክፈፉን ጠርዝ ሊይዝ እጁን ሲሰድ ቆርቆሮው መዳፉን እስከ አጥንቱ ተለተለው። ከዚያ የገዛ ጓሳው ክምር ላይ ዘጭ አለ። ሣሩ ተቀበለው፤ ነፍሱ አልወጣችም።

ሙሉዓለም ከፈረሰው ጣራ አንድ ማገር መዝዞ መጣ።

«እንኳን ደህና ወረዱ፣ አያ በላይነህ» አለ። «አሁን እንኳ የጓሳውም ሕግ አይጠብቅዎትም።»

በማገሩ ቅልጥሙ ላይ አንድ ጊዜ አሳረፈበት። ድምፁ የደረቀ ባሕር ዛፍ ሲሰበር ይመስላል። ደገመው። በላይነህ ሣሩን በጥርሱ ነክሶ ዋጠው እንጂ አልጮኸም። ሊገላግል የተነሣ ሰው ነበር፤ ሌላው ይገላግላል ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ሁለት ጎረምሶች ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ፤ አንደኛው «ኧረ ትንሽ ዘወር በል፣ ጥላ ሆንክብኝ!» ይላል ሌላውን።

ጌጤ ጠላ እየቀዳች ነበር። ማሰሮውን ሳትሰብረው አስቀመጠች። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ በመሰላሉ ወጣች። ኪዳን ቁንጮው ላይ ቁጢጥ ብሏል።

«መዶሻውን አምጣ።»

«እህቴ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ለሥራ…»

ከእጁ ነጠቀችው። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«አባቴ የተናገረውን ሰማችሁ። ሐሰት ነው የሚል አለ?» አለችና ከንፈሯን በጣቷ ገልጣ ድዷን አሳየቻቸው። «የጓሳ ሕግ ነው ካላችሁ ይሁን፤ ሕግ አልለምናችሁም። ስወርድ መሰላሉን የሚይዝልኝና ወንዙን የሚያሻግረኝ ሰው ብቻ ነው የምፈልገው። እናቴ ቤት እሄዳለሁ።»

«ወዴት ነው የምትሄጅው አንቺ!» ብሎ ሙሉዓለም መሰላሉን ወጣ። ሁለት እጁን ክፈፉ ላይ ሲያደርግ ጌጤ መዶሻውን አወረደችው። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ቆርቆሮው ላይ ተጨፈለቁ። ሁለተኛውን አልጠበቀም። ከነመሰላሉ ወደ ኋላ ሄዶ በጀርባው ተዘረጋ።

«እኔስ በምን ልወርድ ነው?» አለ ኪዳን ከላይ።

ሙሉዓለም ተነሣ። እጁን በጋቢው ጠቅልሎ ቤት ገባና ገጀራ ይዞ ወጣ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ገጀራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመው። ፊቱ አመድ መስሏል። «ትወርዳለች» አለ። «ጣራ ላይ ያረጀ የለም።»

ከዚህ በኋላ በላይነህ ከሣሩ ክምር ውስጥ ወጣ። በደረቱ ነው የወጣው። የተሰበረው እግሩ ከኋላ እየተጎተተ ግቢውን በደም መስመር አሰመረው። ጠጅ ቤት የተመታውን ሁሉ፣ ሦስት ጉባኤ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠውን ሁሉ በደረቱ አለፈው። የወደቀው መሰላል ጋ ሲደርስ በደህና እግሩ ተንበርክኮ አንዱን ጫፍ ወደ ትከሻው አወጣ። መሰላሉ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ነው፤ ሁለት ጎልማሳ ይጠይቃል። ግማሽ ድረስ አነሣው። ከተለተለው መዳፉ ደሙ በእንጨቱ ላይ ይወርዳል።

«አንድ ሰው!» አለ። መሬት ላይ ሆኖ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ አንድ እጅ ብቻ!»

መርጌታ ዋንጫቸውን አዩ። አዳነ ባዶ ጠመንጃውን አየ። ያቺ ሴትዮ ልትነሣ ስትል ባሏ ነጠላዋን እጁ ላይ ጠቅልሎ ያዛት። ሙሉዓለም ገጀራውን ይዞ ብድግ አለ። ጌጤ ክፈፉ ላይ ተንበርክካ እጇን ወደ መሰላሉ ዘርግታለች፤ ሁለት ክንድ ያህል ይቀራታል።

አንባቢ ሆይ! ይህን ወረቀት በሁለት እጅህ ይዘኸዋል። ለወረቀት አንዱ እጅ ይበቃዋል። እባክህ ሌላውን…